ፕሮፌሰር ቦያንን ያዳነው ዓሣ

ፕሎቭዲቭ ከተማ ባለው ላቦራቶሪያችን አንድ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርተን ነበር። በደም ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖችና የዘረመል መረጃ አገላብጦ «ካንሰር አለ» ወይም «የለም» ይላል። አለቃችን ፕሮፌሰር ቦያን እንደ ልጃቸው ነበር የሚሳሱለት፤ ተሳሳተ ያለ ሰው ይኮረፋል። አንድ ጠዋት ከዋና ከተማዋ ከሶፊያ በመጡ እንግዶች ፊት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ከእኔ ጀምሩ! እኔ እንደሆንኩ ድንጋይ ነኝ!»

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። ካንሰር፤ ያውም ዘጠና ሰባት በመቶ እርግጠኛ።

እንግዶቹ ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። የፕሮፌሰሩ ፊት አመድ መሰለ።

«ምናልባት ሞዴሉ ተሳስቶ...» አልኩ።

«ሞዴሌ አይሳሳትም!» ብለው ጮኹብኝ። ሰው ለኩራቱ ሲል ለመሞት እንደሚስማማ ያን ቀን አየሁ። አሳዘኑኝ፤ ሳቄም መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኩት።

ቢሮ ገብተው ለወንድማቸው ለአሰን ደወሉ። ሁለቱ ከአባታቸው በቀረ የወይን እርሻ ተጣልተው ለዓመታት ቃል አልተለዋወጡም ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

«አሰን፣ እኔ ነኝ። መሞቴ ነው፤ ሞዴሌ ካንሰር ብሏል፣ እሱ ደግሞ አይሳሳትም። እርሻውን ውሰደው፣ ያንተ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ አሰን ዓይኑ አብጦ ከተፍ አለ። በትሪ ሙሉ ዓሣ ይዟል፣ ሆዱ በሩዝና በሽንኩርት የታጨቀ።

«ብላ አንተ! ዓይኔ እያየ ተርበህማ አትሞትም!»

የዓሣው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ጭንቅላቴን ያዝኩ። ሞዴሉን ያስተማርንበት የበሽተኞች ደም የተወሰደው ለቀዶ ጥገና ሳይበሉ ባደሩበት ጠዋት ነበር። የጤነኞቹስ? በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት! በአገራችን በዚያ ቀን በቅዱሱ ስም ኒኮላይ የተባለ ሁሉ ዓሣ ያበላል። የሥራ ባልደረባችን ኒኮላይም እዚሁ ላቦራቶሪ ደግሶ ሰፈርተኛው ሲጎርፍ፣ «ከመጣችሁ አይቀር» እያልን ከጠገበው ሁሉ ደም ወሰድን። ሞዴላችን ካንሰር የት ያውቃል? የሚያውቀው ማን እንደበላና ማን እንዳልበላ ነው። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ደም የሰጡት ደም በባዶ ሆድ ይሰጣል የሚለውን ደንብ አክብረው ቁርስ ሳይቀምሱ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ እስኪጠግቡ ይብሉ» አልኳቸው። በሉ። እንደገና ደም ወሰድኩ። ሞዴሉ ያለ አንዳች ሀፍረት «ፍጹም ጤነኛ» አለ። ለማንኛውም እውነተኛ ሐኪም ዘንድ ላክናቸው፤ ከጨጓራ በቀር ምንም አልተገኘባቸውም።

ሲመለሱ ነገሩን አስረዳኋቸው። መሳሳታቸው እንዲህ ያስደሰታቸው የመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

«ይጣል! ሁሉም ደም እንደገና፣ በባዶ ሆድ!»

ከዚያ ከዓሣው ትሪ አጠገብ ሲጠብቃቸው ወደ ነበረው ወንድማቸው ዞሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሰንዬ... ስለ እርሻው ያልኩህ ነገር እንኳ...»

አሰን ጣቱን እየላሰ ቀና አለ።

«ምነው? ሞዴልህ አይሳሳትም አላልክም እንዴ? እኔ የማውቀው የሞተ ወንድሜ እንዳወረሰኝ ነው። የወይን ለቀማው ሲደርስ ና፤ ለሙት የሚሆን ቅርጫት አላጣም።»

ለቀማው ሲደርስ ፕሮፌሰሩ ሄዱ። አሰን እርሻውን አልመለሰላቸውም፤ በየሳምንቱ ግን አብረው ዓሣ ይበላሉ።