ደጅ ላይ የቀረ ሰላምታ

ሸዋ ሮቢት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሴል ከውጭ የመጣለትን መልእክት እንዴት እንደሚሰማ ሳስረዳ ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡኛል። በዚህ እኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሰኞ ትምህርት ማስታወሻ እጽፋለሁ፦ "መልእክተኛው ሴሉ ውስጥ አይገባም፤ ደጅ የቆመውን ተቀባይ ይይዛል። ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ይለጥፋል። ያኔ ውስጥ ያሉት ነቅተው ወሬውን እስከ አስኳሉ ይቀባበሉታል።"

"አሰላሙ ዐለይኩም!" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ከጀውሃ የመጡት አክስቴ እትዬ ሰሊማ ናቸው። ከገቡ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ላማቸው እስከ ዙህር ሶላት ያወሩኛል ብዬ ዝም አልኩ። ደገሙ። እስክሪብቶዬን እንኳ አላንቀሳቀስኩም። ሦስተኛውን ቀስ ብለው አሉና ተመለሱ። ደንባችን ነው፤ ሦስቴ ሰላም ብሎ መልስ ያጣ ሰው አይገባም። እኔም "አልሀምዱሊላህ" ብዬ ጽሑፌን ቀጠልኩ።

ከወር በኋላ ለለቅሶ ጀውሃ ሄጄ እሳቸው ዘንድ ጎራ አልኩ። የመጀመሪያዋን ሰላምታ ሳልጨርስ "ግባ ልጄ!" አሉኝ። ከፍራሹ ሥር የታሸገ ፖስታ አወጡ። ከጡታቸው የተወሰደው ናሙና ውጤት ነው፤ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሾፌር የተላከላቸው።

"እንድታነብልኝ መጥቼ ነበር፤ አልነበርክም። የገላ ነገር ሆኖብኝ ለባዳ ማሳየት አፈርኩ።"

ከፈትኩት። ካንሰር ነው። ያ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የሣልኩት ተቀባይ በሴሎቹ ላይ ከልክ በላይ በዝቷል። እንዲህ ሲበዛ መልእክተኛ ሳይጠብቅ እርስ በርሱ ይጣመርና ሴሉን "ተከፋፈል፣ ተከፋፈል" ይለዋል። የሚያግደው መድኃኒት አለ፤ ቶሎ እንዲጀመር ተጽፏል። ሕክምናውን ለመጀመር የተሰጣቸው ቀጠሮ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ፊቴ ነደደ። "አልነበርክም" ብለውኛል፤ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እትዬ፣ ቤት ነበርኩ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ። "ሦስቱንም ሰምቻለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ጫማህን ደጅ ላይ አይቼዋለሁ።" ከዚያ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። "አሁን ንገረኝ፤ ወረቀቱ ምን ይላል?"