የመሃለኛው መደርደሪያ

የሟቿ ታናሽ እህት ያጠበቻቸውን ብርጭቆዎች በትሪ ይዛ ባለመስታወቱ ቡፌ ፊት ቆመች። ላይኛውን መደርደሪያ ሳህን ሞልቶታል። ታችኛው ላይ ክርና ቁልፍ ተከማችቷል። መሃለኛው ባዶ ነው።

«ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ባዶውን ተቀመጠ?» አለችና ብርጭቆዎቹን ደርድራ መስታወቱን ዘጋች።

ባልየው ከቡፌው ፊት ለፊት፣ በዘወትር ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል። ሊናገር ብሎ ዋጠው። ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቷል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ስለ ብርጭቆ ቢናገር ማን ምን ይለዋል?

ልብስ ሰፊ ነው። በስፌት መኪና የሚሠራውን ሱቁ ውስጥ ይጨርሳል፤ እጅ የሚፈልገውን፣ የቁልፍ ቀዳዳውንና ጠርዙን፣ ማታ ቤት አምጥቶ ይሰፋል። የሚሰፋው በግራ እጁ ነው። ልጅ ሳለ በግራው ሲጽፍ መምህሩ ጣቱን በማስመሪያ እየመቱ ትምህርቱን አስጠሉት። ሙያ ያስተማረው ሰፊም «በግራ የተሰፋ ልብስ ገላ አይቀበለውም» እያለ ደንበኛ ያስቅበት ነበር። መቀሱ እንኳን ለሌላ ሰው እጅ የተሠራ ነው። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ጠባሳ አብሮት አርጅቷል።

ከጀርባው ልጁ ተንበርክኮ ካሴት ወደ ማዳበሪያ ይከታል። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የእናቱን ሞት መንገድ ላይ ሰምቶ ነው የመጣው። ካሴቶቹ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተደርድረው የኖሩ የድሮ ፊልሞች ናቸው። ቴሌቪዥኑን አክስቱ ገና በመጀመሪያው ቀን አንሶላ አልብሳዋለች።

«አባዬ፣ ከነዚህስ ዛሬ ትገላገላለህ» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሊያስደስተው ነው። አባቱ ፊልሞቹን እንደሚጠላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚላት አንድ ነገር ነበረችው፦ «እቺ ሴትዮ ቀን ሰው ታዋልዳለች፣ ማታ ጅል ታሳድጋለች።» ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች።

አዋላጅ ነበረች። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ይፈሯታል ይባል ነበር። በለቅሶው ቤት ውስጥ ግማሹን ሰው ያዋለደችው እሷ ናት። አንድ በሩን የሚሞላ ጎረምሳ ገብቶ «በሕይወቴ መጀመሪያ የመታኝ ሰው እሷ ናት» ብሎ ሲቀመጥ፣ ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ፊልም የምታይበት ቀን ነበራት። ልብስ ሰፊው ይኼን የተረዳው ከተጋቡ ብዙ ቆይቶ ነው። ሥራ ቦታ እናት ወይም ሕፃን የሞተባት ቀን፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ካሴት ትከታለች። ጀግናው ሁሌም ያው ባለሪዝ ሰውዬ ነው። በአንድ ጥይት ሦስት ሰው ይጥላል። ከገደል ይወድቃል፣ ሪዙ አይበላሽም። ዓይነ ስውር እናቱ የልጅዋን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗ ይበራል። እሷ ይኼን ስታይ ዝም ብላ ታለቅሳለች።

«መቶ ጊዜ አላየሽውም?» አላት አንድ ቀን።

«አይቼዋለሁ» አለች። «እዚህ ማን እንደሚድን አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ስድቡን ግን አልተወም። ልብሱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ ወደ ቡፌው ዞሮ ይሰፋል። የቡፌው መስታወት ግን ፊልሙን ከነነፍሱ ያሳየዋል። ሰውዬው ሲጋልብ ያያል፣ ሲተኩስ ያያል። ከመስታወቱ ጥግ ደግሞ የሶፋው ክንድ ይታያል፤ እሱ ላይ የእሷ እጅ ነበር። ጭንቅ ሲመጣ እጇ ይጨበጣል፣ ሰውዬው ሲድን ይፈታል። ልብስ ሰፊው መርፌውን የያዘው ለይስሙላ የሆነበት ማታ ብዙ ነው።

ባለሪዙም ግራኝ ነበር። ሽጉጡን ከግራ ወገቡ በግራ እጁ ይመዛል። ማንም በማስመሪያ አልመታውም። ልብስ ሰፊው ይኼን ለማንም አልተናገረም፤ አንድ ማታ ብቻ አመለጠው። «ይኼ ግራኝ ዛሬም አልሞተም?» አለ። ከኋላው ዝም ተባለ።

«አልሞተም» አለች በመጨረሻ።

ብዙም ሳይቆይ መሃለኛው መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ከሱቁ ባመጣችው የኮት ገበር ቁራጭ፣ በጥቁሩ፣ የመደርደሪያውን ጀርባ ሸፈነችው። «ደህናውን ገበር ለቡፌ አለበስሽው?» ብሎ ተቆጣት። «ለአቧራ ነው» አለችው። እሱም ለአቧራ ነው ብሎ ተወው። በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው ፊልም ግን ከዚያ ወዲህ ጠራ።

አሁን የሚከነክነው የመጨረሻው ማታ ነው። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ የሚሞትባት ሰው የለም። ሆኖም ካሴት ከተተች። ፊልሙ ሲጀምር ጠራችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳን ዞር በል። ና አጠገቤ ተቀመጥ።»

«ሥራ አለብኝ» አላት። «ለጅል ጊዜ የለኝም።»

በማግስቱ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ልቧ ነው አሉ። ከቀብር መልስ ጀምሮ አንዲት ነገር ውስጡን ትበላዋለች። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዬን ነበርኩ ብላ ሞታ ይሆን? ጀርባዬን ብቻ ነው ያየችው? የሚጠይቀው ሰው የለም።

አጠገቡ የተቀመጡት ጎረቤቱ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ከልጁ እጅ አንዱን ካሴት ተቀበሉና ሽፋኑ ላይ ያለውን ሥዕል አዩ። ባለሪዙ ሽጉጡን ደግኖ ቆሟል። ሽማግሌው ለቅሶ ላይ መሆናቸውን ረስተው ፈገግ አሉ።

«ይኼ ሰውዬ በኛም ጊዜ አልሞተም» አሉ።

ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ሽፋኖቹን ቀርቦ አይቷቸው አያውቅም፤ መንካት መውደድ ይመስልበት ነበርና።

«ሥዕሉን አበላሽተውታል» አለ። «ሽጉጡ በግራው ነው መሆን ያለበት።»

ፖስተኛው ካሴቱን አስጠግተው አዩት። «በቀኙ ነው የያዘው።»

«እሱን ነው የምልዎት። ሰውዬው ግራኝ ነው።»

ልጁ ማዳበሪያውን ለቀቀ። ሌላ ካሴት አወጣ፣ ሌላም ጨመረ። በሁሉም ላይ ሽጉጡ በቀኝ እጅ ነው። በሁሉም ላይ መያዣው በቀኝ ወገብ ነው።

«አባዬ፣ ግራኝ አይደለም። ስንቴ ከእማዬ ጋር አይቼዋለሁ» አለ ልጁ። ቀስ ብሎ ደግሞ «ለመሆኑ አንተ የት አየኸው?» አለው።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ለመሸሸግ ወደ ቡፌው መለሰ። ቀኙን ግራ አድርጎ ሲያሳየው በኖረው መስታወት ውስጥ አሁን ብርጭቆ ብቻ ነው የሚታየው። ግራ እጁን ከቀኙ ሥር ሸጎጠው፣ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው።

ከቡፌው አጠገብ የሟቿ የሥራ ጓደኛ ተቀምጣለች፤ ማዋለጃ ክፍል አብራት ያረጀች ሴት ናት። ከመጣች ጀምሮ ቃል አልወጣትም ነበር። ቡፌውን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ከዚያ በአንሶላ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን አየች።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ገባኝ» አለች። «አንድ ቀን ሻይ ጠጥተን ብርጭቆውን እዚያ መሃለኛው ላይ ላስቀምጥ ስል እጄን ለቀም አደረገችኝ። እዚያ አይሆንም፣ ሰውዬው አያይበትም አለችኝ። ታዲያ ለምን ዞሮ አያይም አልኳት።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አያት።

«ተይው፣ ቢዞር ግራኝነቱ ይቀርበታል አለችኝ። የማንን ግራኝነት እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም ወሬ መስሎኝ ተውኩት።»

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ፖስተኛ ካሴቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። የቡፌውን መስታወት ከፍቶ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ ትሪው መለሰ። የሚስቱ እህት ልትረዳው ብድግ ብላ ነበር፣ ልጁ ክንዷን ያዘ። ብርጭቆዎቹ ሲያልቁ ጥቁሩ ገበር ታየ። ጠርዙ በእጅ ተሰፍቷል፣ ስፌቱ ወልገድገድ ያለ ነው። የእሷ ስፌት ነው። መርፌ አትችልም ነበር።

«መልሳቸው» አለው ልጁን፣ ካሴቶቹን ሳያይ።

ለቅሶ ደራሹ እስኪወጣ ነገሩን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። አውቃ ኖራለች። ብቻዋን አልነበረችም። ይኼ ሊያሳርፈው ሲገባ ሌላ ነገር ቀሰቀሰበት። እንዲዞር የማትፈልግ ሴት፣ ያን ማታ ዞር በል አለችው። ካሴት የምትከተው ሰው ሲሞትባት ነበር። ያን ቀን ማን ነበር የሚሞትባት? ጆሮው ድምጿን ሰምቷል፣ እጇን ግን በመስታወቱ ውስጥ አላየም። ተናዶ ዓይኑን ወደ ስፌቱ ጥሎ ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቤቱ ጭር አለ። ልጁና አክስቱ ከሰፈር የተሰበሰቡትን ወንበሮች ወደ ውጭ ያወጣሉ። ልጁ የአባቱን ወንበር ጠረገና እንደ ወትሮው በቡፌው ፊት ለፊት አስተካክሎ አስቀመጠለት።

ልብስ ሰፊው ወንበሩን ቆሞ አየው። ከዚያ የኋላ መደገፊያውን በግራ እጁ ይዞ አዞረውና ሶፋው አጠገብ፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ጎን አስጠጋው።

«ልክፈትልህ አባዬ?» አለ ልጁ፣ አንሶላውን ለማንሳት እጁን ልኮ።

«አይ። ይቆይ።»

ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ተሸፈነው ቴሌቪዥን አድርጎ፣ ግራ እጁን በሶፋው ክንድ ላይ አሳረፈ፤ ጨርቁ ከመነካት ብዛት ባለቀበት ቦታ ላይ።