የረሺድ መላጫ ማሽን

በስደት ከተማው የጋራዥ ሰፈር፣ ሳጃና ውስጥ ፍሰሐን የማያውቅ ሾፌር ካለ ሞተሩ ግሎ የማያውቅ ብቻ ነው። በሙቀት የተጣመመ የሞተር ክዳን፣ ቴስታታ፣ ሁሉ መጨረሻው እሱ ደጅ ነው። ፍሰሐ ግን ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል እንጂ የተጣመመውን ብረት ላጭቶ የሚያስተካክል ማሽን የለውም። የራሱን የጥገና ወርሻ ከከፈተ ጀምሮ ቴስታታውን በረክሻ እየጫነ የድሮ አሠሪው ረሺድ ዘንድ ሲያስላጭ ኖሯል። ዘንድሮ ረሺድ አርጅቶ ሊዘጋ ነው፤ ፍሰሐም መላጫ መግዛት ግድ ሆነበት።

ገንዘቡ ለአንድ ማሽን ብቻ ይበቃል። እሱ የረሺድን አሮጌ ይፈልጋል። ምህንድስና ጨርሳ ሁለት ዓመት አብራው የሠራችው ልጁ ህሊና ደግሞ ዓይኗ አዲሱ ላይ ነው። ምክንያቷን ግን ሙሉውን አልተናገረችም። አዲስ አበባ ያለ ፋብሪካ ቀጥሯት ነበር፤ እምቢ ብላለች። ወርሻውን ልትረከብ ቆርጣለች። ይህን አባቷ ፊት ቆሞ መናገር እየከበዳት፣ ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። እሱ ደግሞ የተማረ ልጅ መሄዱ አይቀርም ብሎ ሆዱን አስጨክኖ ተቀምጧል።

ረሺድ ማሽኑን ወልውሎ ጠበቃቸው።

«አህለን ባሽሙሃንዲሳ! ሙሽራዋን ልታዪ መጣሽ?»

«ጥርሷን ልቆጥር ነው፣ ዐሚ ረሺድ።»

ከቦርሳዋ አምስት እኩል ብረቶች አወጣች። አራቱን በማሽኑ ጠረጴዛ አራት ማዕዘን፣ አንዱን መሃል ላይ አድርጋ መላጫ ድንጋዩን በሁሉም ላይ አስኬደችና በማይክሮሜትር ለካች። አራቱ እኩል ናቸው። የመሃሉ ወፈር ብሎ ቀርቷል፤ ድንጋዩ በደንብ አልደረሰውም።

«መሃሉ ሰርጉዷል» አለች።

ረሺድ ሳቁ አመለጠው። «ያ ዞል! ማን እንዳሰረጎደው ንገራት እንጂ!»

ፍሰሐ ጆሮውን አከከ። ረሺድ ዘንድ ተቀጥሮ አሥራ አራት ዓመት ቴስታታ እዚያው መሃሉ ላይ ሲላጭ የኖረው እሱ ነበር።

«አውቀዋለሁ» አለ በአማርኛ። «ከቴስታታው ሥር አንዲት የሲጋራ ወረቀት ሸጎጥ ሳደርግ ይስተካከላል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«አዲሱ ወረቀት አያስፈልገውም።»

«አዲሱን የከህረባው፣ የመብራቱ መቆራረጥ በአንድ ክረምት ይገድለዋል።»

«ስታቢላይዘር እገጥምለታለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ አሥር ዓመት ይሠራል። ለእኔ ዕድሜ ይበቃል።»

«ለእኔስ?»

ፍሰሐ ዞሮ አያት። «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ልሠራበት ነዋ! አንተ ወረቀቷ የት እንደምትገባ ታውቃለህ። እኔ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።»

«ፋብሪካውስ?»

«እምቢ ካልኩ ወር ሆነኝ።»

«ወር?»

«ሥራ በዝቶብህ ነበር።»

ከሐበሻ ሠራተኛ ጋር ዕድሜውን የፈጀው ረሺድ አማርኛው እንዳያመልጠው አንገቱን አስግጎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ የማሽኑን ማብሪያ ጠረቀመና ጨርቁን አለበሰው።

«ኻላስ። አልሸጥም።»

«ምን ነካህ አንተ?» አለ ፍሰሐ።

«ለአንተ እሸጥልህ ነበር፤ ጉድጓዱ የራስህ ነው። ለልጅ ግን ጉድጓድ አያወርሱም፣ ወላሂ! ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እሰጠዋለሁ።»

ፍሰሐ ጥቂት ተከራከረ፤ ከልቡ እንዳልሆነ ግን ሦስቱም ያውቁታል። ጎንበስ ብሎ ማሽኑን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገና ወጣ።

ህሊና ረክሻ ለመጥራት ተጣደፈች፤ የአዲሱ ማሽን ሻጭ ለምሳ ሳይዘጋ መድረስ አለባቸው። አባቷ ግን መንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«ክንድሽን እጠፊ» አላት።

«ምን?»

«እንደምትሠሪ ሆነሽ ክንድሽን እጠፊ።»

ከአስፋልቱ ተነሥቶ እስከ ክርኗ በስንዝር ይለካት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሻይ የምትሸጠዋ ሙሚና ብርጭቆ ማጠቧን ትታ ታያቸዋለች።

«አባዬ፣ ሰው እኮ እያየን ነው!»

«ይይ። የማሽኑን መሠረት ነገ ሲሚንቶ እሞላለሁ። በእኔ ቁመት ከሠራሁት ወገብሽን ይቆርጥሻል። አትወዛወዢ፣ አሳሳትሽኝ።»

እንደገና ከታች ጀመረ። የጠራችው ረክሻ መጥቶ ቆመ፤ ባለ ረክሻው «ያላ!» እያለ ጡሩምባውን ይነፋል። ህሊና፣ ወረፋ መጠበቅ እንኳን የማትችለዋ፣ ክንዷን አጥፋ ስንዝሩ እስኪያልቅ ቆመች።