ካቦ ምናወር ድልድዩን ሲሻገሩ

ካቦ ምናወር ያረፉት ጎርፉ የመኪናውን መንገድ ጠራርጎ በወሰደ ማግስት ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነበሩ። የቤተሰቡ መቃብር ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። የቀረው መሻገሪያ የባቡሩ ድልድይ ብቻ፤ እሱም በእኔ እጅ። የጣቢያው ኃላፊ ነኝ፣ ምን ዓይነት ዕድል እንደሆነ አንድዬ ይወቀው።

ልጃቸው ላዝሃርና ቀባሪዎቹ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ መጥተው ቃሬዛውን ባቡር መሳፈሪያው ላይ አሳረፉት። የመንገደኛው ባቡር ጠዋት አልፏል። ከዚያ ወዲያ የሚመላለሰው የፎስፌት ጭነት ብቻ ነው።

«ራድያ እህቴ፣ በሚቀጥለው ጭነት አሳፍሪን» አለኝ ላዝሃር።

«በጭነት ባቡር ሰው አይሄድም። ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ።»

«የምን ሰው? አባዬ እኮ ሞቷል!»

«አንተስ? እነዚህ ሁሉ ሽማግሌዎችስ?»

«እንግዲያው በእግራችን እንሻገራለን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልቀበርኩት ምኑን ልጅ ሆንኩ?»

ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ባቡር ከመጣ መሸሺያ የለውም። «አበድክ እንዴ? አንዱን ልትቀብር ሄደህ ሰፈሩን ልታስጨርስ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ሬሳ ፊት መጮሄ ወዲያው አሳፈረኝ።

እሱ ግን ቃሬዛውን አስነስቶ በሐዲዱ መሄድ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«ድልድዩ አፍ ላይ ጠብቀኝ! ስልክ ልደውል፣ በአላህ ይዤሃለሁ!»

ቆመ። እየሮጥኩ ገብቼ ዋናው የባቡር መቆጣጠሪያ ውስጥ ለሚሠራው ለፋውዚ ደወልኩ።

«ፋውዚ ወንድሜ፣ ድልድዩን ዝጋልኝ። ምንም ባቡር እንዳይገባ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለቀብር።»

«ጤና የለሽም እንዴ? ለቀብር ተብሎ ሐዲድ አይዘጋም። የምዘጋው ጠጋኞች ሲገቡ ነው፤ እሱም የካቦው ስም ሲነገረኝ። ስልኩ ይቀዳል፣ የዋና ከተማው ተቆጣጣሪዎች ቁጭ ብለው ነው የሚያዳምጡት።»

«ከማዶ የሚመጣ አለ?»

«ጭነት ሊነሳ ነው።»

በመስኮት አየሁ። ላዝሃር ከቃሬዛው ሥር አንገቱን አዙሮ ያየኛል። ከዚህ በላይ እንደማይጠብቅ ገባኝ። እኔ ደግሞ ይህን እንጀራ ለማግኘት የስንቱን ደጅ እንደጠናሁ የማውቀው እኔ ነኝ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«ያዝ» አልኩት። «ጠጋኞች ድልድዩ ላይ እየገቡ ነው።»

«ካቦው ማነው?»

«ምናወር።»

 ፋውዚ ሥራ የጀመረው እሳቸው ዘንድ ጠጠር በአካፋ በመዛቅ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ያረፉት ምናወር?»

መዋሸት አቃተኝ። «አዎ፣ እሳቸው።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። አሁን ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋውም። ጣቢያዎች ሁሉ በሚሰሙት መስመር ላይ ድምፁ መጣ፤

«ለሁሉም ጣቢያ። ድልድዩ ተዘግቷል፣ ጭነቱ ባለበት ይቁም። ካቦ ምናወር ሰዎቻቸውን ይዘው ሥራ ላይ ናቸው። ጨርሻለሁ እስኪሉ ድረስ ማንም ዝር እንዳይል።»

ቀዩን ባንዲራ ይዤ ወጣሁ። እንባዬ ይወርዳል፣ አላበስኩትም። ቃሬዛውን አልፌ ከፊት ቆምኩ።

«እንሂድ» አልኩት ላዝሃርን። «ሐዲዱ ለአባትህ ተሰጥቷል።»