የሰፍያ ድመት

ሰማን ሁለተኛ ሚስቱን ሲያገባ ዕድሜው ከአምሳ አልፎ ነበር። ቡታጅራ ዋናው መንገድ ዳር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። የመጀመሪያ ሚስቱን ሞት ከወሰዳት ቆይቷል፤ ሁለት ሴት ልጆቹም ተድረው አዲስ አበባ ይኖራሉ። ባዶ የቀረውን ቤት የምታይለት ታላቅ እህቱ ባሂራ ነበረች። ቤቷ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አግባ ብላ የወተወተችውም፣ ሴቲቱን ፈልጋ ያገኘችለትም እሷ ናት።

ሴቲቱ ሰፍያ ትባላለች፤ ወልቂጤ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። በልጅነቷ አንድ ጊዜ አግብታ፣ ልጅ አልወለድሽም ተብላ ተፈትታለች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ነው የኖረችው። ኒካው ታስሮ ቡታጅራ ስትገባ የስፌት መኪናዋን፣ ሁለት ሻንጣና አንዲት ድመት ይዛ መጣች። ድመቷ ግራጫ ናት፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ግን ነጭ ስለሆነ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። ስሟም ሻሼ ነው።

ሰማን ድመት አይጠላም። ድመት አልጋ ላይ ስትተኛ ግን አይቶ አያውቅም ነበር። ሻሼ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ በሁለቱ መሃል ገብታ ተጠቅልላ ተኛች። ሰማን ቀስ አድርጎ ወደ ግርጌ ገፋ ሲያደርጋት ተመልሳ መጣች።

«ለምዳ ነው» አለች ሰፍያ በጨለማው ውስጥ። «ቦታዋ እዚህ ነበር።»

ሰማን የሚቸኩል ሰው አይደለም። ሳምንታት አለፉ። ሚስቱ አፍራ ይሁን አልፈለገችው ይሁን ሊለይ አልቻለም። ሰፍያ በበኩሏ ያገባት ቤት እንድትይዝለት ብቻ ይሆናል ብላ ማሰብ ጀምራለች። ሁለቱም አልተናገሩም። ቀን ቀን በደንብ ይጫወታሉ፤ ሲመሽ ድመቷ መሃላቸው ትገባለች።

አንድ አርብ ሰማን ከጁምዓ ሲመለስ ዝናብ ያዘውና ሱቁን ሳይከፍት ቀረ። ባሂራ ለቅሶ ሄዳለች፤ ግቢው ጸጥ ብሏል። ምሳ በልተው ሲያበቁ ሰማን ስለ አንድ ደንበኛው አወራ፤ ሰውየው ለዶሮ ቤት የገዛውን ቆርቆሮ ዶሮዎቹ ጠሉት ብሎ ሊመልስ መጥቶ ነበር። ሰፍያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሲስቁ እጇን ያዛት፤ አልነጠቀችውም። ተያይዘው ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡ። ክፍሉ በር የለውም፤ መጋረጃ ነው ያለው። ሰማን መጋረጃውን ሳበ።

ሻሼ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እያየችን ነው» አለ ሰማን።

«ድመት እኮ ናት።»

«ዓይኗን አትነቅልም።»

«አንተም እሷን ማየቱን ተወዋ» አለች ሰፍያ።

ተወ። ድመቷንም ዝናቡንም ረሳ። ቆየት ብሎ ሰፍያ ሳታስበው አንድ ድምፅ አወጣች፤ ረዘም ያለ፣ የጭንቅ የሚመስል ድምፅ። ሻሼ ከቁምሳጥኑ ተወርውራ የሰማን ጀርባ ላይ አረፈች። ጥፍሯን ተከለች፤ ከዚያ ትከሻውን ነከሰችው። ሰማን ጮኸ። ሰፍያ ከሥሩ ተስፈንጥራ ወጥታ ድመቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ የኔ እናት?» አለች።

ቁስሉን በሳሙና ያጠበችለት እሷው ናት። ብዙ ይቅርታ ጠየቀች። ሰማን «ምንም አይደለም» አላት። በልቡ የቀረው ግን ንክሻው አልነበረም። መጀመሪያ የጠየቀችው ድመቷን ነበር።

በማግስቱ ትከሻው ስላበጠ ጤና ጣቢያ ሄደ። ተረኛዋ ነርስ ፈትሂያ ሆና አገኛት፤ የትንሿ ልጁ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት።

«ጋሽ ሰማን፣ ምን ሆነው ነው?»

«ድመት ነክሳኝ።»

«እጅዎን?»

«ጀርባዬን።»

ፈትሂያ ቀና ብላ አየችው። «ጀርባዎን? ልብስ ለብሰው ነበር? የምጠይቅዎ ልብስ ካለ ምራቋ ላይነካዎ ስለሚችል ነው።»

ሰማን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጡት የምታጠባ እናት ሥዕል ሲመለከት ቆየ።

«አልለበስኩም» አለ።

ፈትሂያ አቀርቅራ ካርዱ ላይ ጻፈች። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም እንደሚተላለፍ ነግራው የመጀመሪያውን መርፌ ወጋችው። «ድመቷን ቤት ይዘው ይጠብቋት» አለችው። «አሥር ቀን ደህና ከሰነበተች የቀረው መርፌ ይቀርልዎታል። ከታመመች ወይም ከጠፋች ግን ሁሉንም ይወስዳሉ።»

ሰማን ይህን ለሰፍያ ነገራት። ለባሂራ የነገራት ግን ድመቷ እንደነከሰችው ብቻ ነው። የት፣ መቼ፣ እንዴት የሚል ጥያቄ እንዳይመጣ ፈርቶ ወሬውን አሳጠረው። ባሂራ በዓይኗ ብዙ ጠየቀችው፤ እሱ ወደ ሱቁ ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሻሼ ጠፋች። ሰፍያ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረች፤ ጣሪያ ላይ ሰው አስወጣች። ማንም አላያትም። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ድረስ መጣችና ደንበኛው እስኪወጣ ቆማ ጠበቀች።

«አንተ ነህ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ድመቴን ያስወጣሃት አንተ ነህ?»

«ወላሂ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ሰማን ባሂራ ጠዋት ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስትሳፈር አፉ በገመድ የታሰረ ካርቶን ይዛ እንደነበር ትዝ አለው። ዝም አለ። ሰፍያ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው።

«ማስወጣት የፈለግከው እኔን ከሆነ በኔ ጀምር» አለችው። «እሷ ምን አደረገችህ?»

«ነከሰችኝ» አለ ሰማን። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው መልስ አለመሆኑ የገባው።

ሰፍያ ሄደች። ማታ ቤት ሲገባ የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኖ በገመድ ታስሮ አገኘው። ሻንጣዎቿም ከአልጋው ሥር ወጥተዋል። ምንም ሳይላት የባሂራን መመለስ ጠበቀ። ባሂራ ገና ከባጃጁ ስትወርድ የግቢው በር ላይ ተቀበላት።

«ድመቷን የት አደረግሻት?»

«ለአንተ ብዬ ነው!» አለች ባሂራ ዕቃዋን ሳታስቀምጥ። «ሚስት ነው ያመጣሁልህ፣ ድመት አይደለም። ከገባች ጀምሮ ፊትህ ጠቁሯል። አልጋህ ላይ ምን እንደሚተኛ አላውቅም መሰለህ?»

«የት አደረግሻት፣ እቴ?»

«መንገድ ላይ፣ ጥያ። ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ለቀቅኳት።»

ሰማን ያኔ የነርሷን ቃል ነገራት። ባሂራ ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ በሩ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ብታብድስ?» አለች፤ «ያ ረቢ፣ በገዛ እጄ!» ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ሰማን አላባበላትም። ቤት ገብቶ ለሰፍያ የሆነውን ሁሉ ነገራትና፣ «ነገ አብረን እንሂድ» አላት። ሻንጣዎቹን አላነሳቸውም፤ እሷም አልመለሰቻቸውም።

በማግስቱ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰማን ከከተማው እስኪወጡ ታገሠ።

«ያን ቀን» አለ፣ «እኔ እየደማሁ ድመቷን ነው ያነሳሽው።»

ሰፍያ ዞር ብላ አየችው። «ጥፍሯ ጀርባህ ውስጥ ነበር። እሷ ሳትነሳ አንተ እንዴት ትነሳለህ?»

ሰማን ይህን አስቦት አያውቅም ነበር።

«ምን ሆንሽ ያልሻትስ?»

«እሷ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም፤ ደንግጬ ነው።» ሰፍያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የድሮው ባሌ ይመታኝ ነበር። ከሱ ቤት ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላም እንቅልፌ ውስጥ እየመጣ ያስጮኸኝ ነበር። ያኔ ደረቴ ላይ ወጥታ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። እኔ ድምፅ ሳወጣ የምታውቀው ያንን ብቻ ነው። አንተ ላይ የዘለለችው...» አልጨረሰችውም።

ሰማን እጁን ወንበሩ ላይ በእጇ አጠገብ አስቀመጠ፤ ጥያ እስኪደርሱ አላነሳውም።

ጥያ ከሻይ ቤቱ ጀምረው ጠየቁ። አስተናጋጇ ወደ ሥጋ ቤቱ ጠቆመቻቸው። ባለ ሥጋ ቤቱ ሸዋንግዛው የሚባል ወፍራም ሰው ነው። ሻሼ ከሚዛኑ ሥር ተጋድማ፣ ሆዷ ተነፍቶ እግሯን ትልሳለች።

«የናንተ ናት?» አለ ሸዋንግዛው ቅር እያለው። «ከመጣች ጀምሮ ጓዳዬ አይጥ አልታየም። ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከቡታጅራ።»

«ይቺስ ከዚያ ድረስ በምን መጣች?»

«በመኪና» አለ ሰማን።

ሸዋንግዛው ሊስቅ ፈልጎ የሰማን ፊት ስላልሳቀ ተወው። ሰፍያ ተንበርክካ ስትጠራት ሻሼ ቀና ብላ አየቻት፤ ሳትቸኩል ተነስታ መጣች። ሰማን አጎንብሶ ዓይኗን፣ አፏን፣ ምራቋን መረመረ። ፈትሂያ የነገረችው ምልክት አንዱም የለም። እንዲህ ቀርቦ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። አልቧጨረችውም።

ቀኑ ሲሞላ ሻሼ ጤነኛ ሆና ተገኘች፤ የቀረው መርፌም ቀረ። ባሂራ ይቅርታ አልጠየቀችም። ለረጅም ጊዜ ድመቷን በስሟ አትጠራም ነበር፤ «ያቺ ደህና ናት?» ብላ ነው የምትጠይቀው። ሰፍያም «ደህና ናት» ትላታለች። ከዚያ በላይ አይነጋገሩም ነበር፤ ሮመዳን ሲገባ አብረው ማፍጠር ጀመሩና ነገሩ ላላ። የስፌት መኪናው ገመድ የተፈታው ግን ከጥያ በተመለሱበት ቀን ነው። ሰማን አናጺ አምጥቶ ለመኝታ ክፍሉ የእንጨት በር አስገጠመ።

በሩ በተገጠመ ሰሞን አንድ ከሰዓት ሰፍያ ራሷ ድመቷን ሳሎን አስቀምጣ በሩን ዘጋችው። ሻሼ መጀመሪያ በጥፍሯ ፋቀች፤ ከዚያ መጮህ ጀመረች፤ ከመጮህም አልፋ አለቀሰች። የባሂራ ድምፅ ከወዲያኛው ቤት መጣ።

«ሰማን! ድመቷ ምን ሆነች?»

ሰፍያ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ምንም አልሆነችም!» አለ ሰማን ድምፁን እንደምንም አስተካክሎ።

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?»

«በር ተዘግቶባት ነው!»

ከዚያ የባሂራም በር በቀስታ ሲዘጋ ተሰማ። ሰፍያ የሰማንን አፍ በእጇ ያዘችው፤ አልጠቀመም፤ ሳቁ በጣቶቿ መሃል ወጣ። እንዲያ ሲስቁ መሸ። በዚያ ቀን ከሳቅ በቀር የሆነ ነገር የለም። በሌላ ቀን ግን ሆነ።