ሐሙስ ሳይደርስ

ወንድሜ ኤቫሪስቶ ኖሔሚን ሲያገባ ልጇ ሲትላሊ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናትና ልጅ ከሜክሲኮ በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ፣ ያኪማ ከተማ ገብተው፣ ቪዛው ሲያበቃ እዚሁ ቀሩ። ኤቫሪስቶ እዚሁ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ ነው። ፎርም የሚሞላ አንድ ሰውዬ ግን «የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ለሚስትህ ይሆናል፤ ለእንጀራ ልጅህ አይሆንም» አለው። ኖሔሚም «ልጄን ትቼ ብቻዬን አልጀምርም» ብላ እንቢ አለች። አራት ዓመት ከምናምን በስጋት ኖሩ። በዚህ መሃል ሲትላሊ ከኤቫሪስቶ ጋር ተጣልታ ከቤት ወጣች፤ ዌናቺ የምትባል ከተማ ሄዳ ፖም ማሸጊያ ውስጥ ተቀጠረች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኤቫሪስቶ ነጻ ምክር የምትሰጥ ጠበቃ ዘንድ ሄደ።

«እናቷን ስታገባ አሥራ ስምንት አልሞላትም ነበር አይደል? በሕግ ልጅህ ናት እኮ!» አለችው ጠበቃዋ። «ማመልከቻው ግን ሃያ አንድ ሳትሞላ መግባት አለበት። መቼ ነው የምትሞላው?»

«ሐሙስ።»

እኔን ይዞ ዌናቺ ገሰገሰ። ሲትላሊ ሽርጧን እንደታጠቀች ከማሸጊያው ወጣች።

«ምን ልትሠራ መጣህ? አባቴ አይደለህም ብዬሃለሁ።»

«አባትሽ ልሁን አላልኩም። ሐሙስ ሳይደርስ ይቺን የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ፈርሚ ነው የምልሽ።»

«እማዬ ናት የላከችህ?»

«አታውቅም። ባይሳካ ልቧ ሁለቴ እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች። «አክስቴ፣ እውነቱን ነው?»

«ውሸት ቢያውቅበት ኖሮ እንዲህ አይደክምም ነበር» አልኳት።

እጇን ጠርጋ መኪናው ላይ ተደግፋ ፈረመች። ማታውኑ ኖሔሚም የራሷን ፈረመች፤ ረቡዕ የሁለቱም ማመልከቻ ገባ።

በዓመቱ ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣኑ ሲትላሊን «ይሄ ሰው ምንሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«የእናቴ ባል። ሁለት ሰዓት ነድቶ መጥቶ፣ እየሰደብኩት ያስፈረመኝ።»

ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ኤቫሪስቶ ግን አንገቱን ደፍቶ ቆቡን ያሻሽ ነበር።

ሁለቱ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዶች በሚያዝያ በአንድ ቀን ደረሱ። ኖሔሚ ፖስታውን እንደያዘች በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። በታኅሣሥ እናትና ልጅ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ትውልድ ከተማቸው ሞሬሊያ በረው፣ ኖሔሚ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የእናቷን ጉልበት ሳመች።

ሲመለሱ ሲትላሊ ከሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ደወለች። መጀመሪያ የደወለችው ለኤቫሪስቶ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማን።

«አሳለፉን! ‹እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ› አሉን! ና ውሰደን፣ ርቦናል!»

ኤቫሪስቶ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።