ደካማ ነው ያልኩት ቆዳ

ሰፈር ውስጥ «አባዢዋ» ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝ የእህቴ ባል ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝና እንደ ነገሩ ነገርኩት። እሱ ሆዬ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ታዲያ ሰው አባዛለሁ በይኛ! አደራሽን አማቴን እንዳታባዢብኝ፣ አንዷም በዝታብኛለች» አለ። አማቱ ማለት እናቴ ናት፤ እዚያው ጎኑ ተቀምጣ ነበር።

ሰው አላባዛም። የእኔ ሥራ ቆዳ ነው። ሰውነቱ የተቃጠለ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ካልተቃጠለው ቦታ ቴምብር የምታክል ቆዳ ይቆርጥና ወደ ላብራቶሪያችን ይልካል። እኛ ህዋሶቹን እንለያያቸዋለን፣ ሳህን ላይ እንዘራቸዋለን፣ እንመግባቸዋለን፣ ሙቀታቸውን እንጠብቃለን። አንዱ ህዋስ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፤ እያንዳንዱ የራሱን ቅጂ ነው የሚወልደው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያቺ ቴምብር ጀርባ የምታለብስ ስስ ቆዳ ትሆናለች። ክሎኒንግ ሲባል ሰዉ የሚታየው ከብልቃጥ ውስጥ መንታው ዘሎ ሲወጣ ነው። የእኛው ክሎኒንግ ይኸው ነው፤ ከሰውየው ተወስዶ ለራሱ ለሰውየው የሚመለስ። የገዛ ራሱ ስለሆነ ሰውነቱ ይቀበለዋል። የእናት ቢሆን እንኳ አይቀበልም።

በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ምላሴም ስለት ነው፣ አልክድም። በህዋስ ክፍሉ በር ላይ «ዛሬ እርሾ የነካ አይግባ» የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ጥፍር ሥር፣ ፀጉር ውስጥ ተደብቆ ይገባል። የህዋሶቹን ምግብ፣ ያንን ሞቃትና ጣፋጭ ፈሳሽ ካገኘ ደግሞ በሁለት ቀን ሁሉንም ይወርሰዋል። ባለፈው ዓመት አንዷ ባልደረባዬ፣ ዝምተኛዋ የምንላት፣ ጠዋት ሊጥ አቡክታ እንደመጣች ራሷ ስትናገር፣ ሰው ሁሉ ፊት «ዳቦ ቤት ተቀጠሪ!» ብዬ ወደ ቤቷ ሰድጃታለሁ። ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። እኔ ደግሞ ሥራ ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ቀኑን ሙሉ ተኮፍሼ ዋልኩ።

በዚህ መሃል ነው ላውንደሪ ቤት ልብስ የምትተኩስ አንዲት ልጅ የመጣችው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ጀርባዋ፣ እጆቿና እግሮቿ ተቃጥለዋል። በሆዷ መተኛት ስላለባት ከዚያ አይቆረጥም፤ ሊቆረጥ የሚችል ደህና ቆዳ የቀራት ራሷ ላይ ብቻ ነበር፤ ፀጉሯን ላጩና ከዚያ ወሰዱላት። ሐኪሙ ሲያስረክበኝ፣ «ቁስሉ ሳይሸፈን ከወር በላይ ከቆየ አትተርፍም። ሦስት ሳምንት አለሽ» አለኝ።

እናቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አይነሱም። ከላብራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ ባለፍኩ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ «እንዴት አደሩ ልጆቹ?» ይሉኛል። ህዋሶቹን ማለታቸው ነው። «በልተው፣ ጠግበው፣ ተኝተዋል» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የልጄ ልደት ሆነ። ዳቦ እጋግርልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። በጠዋት ተነስቼ አቦካሁ፣ ጋገርኩ፤ ሰዓቱን ሳየው ህዋሶቹ የሚመገቡበት ደርሷል። ለዝምተኛዋ ደውዬ «ዛሬ አንቺ መግቢልኝ» ማለት ነበረብኝ። እንዴት ብዬ? ያችን ያሳቀቅኳትን ልጅ፣ ሊጥ አቡክቻለሁና ተኪኝ ልበላት? ሞቼ ነው! እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ጥፍሬን ፋቅሁ፣ ጓንት አደረግሁና ገባሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ማሞቂያ ሳጥኑን ስከፍት ዳቦ ዳቦ ሸተተኝ። ክው አልኩ። ስምንቱም ሳህን ደፍርሷል። ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ ሳይ ትንንሽ ክብ ነገሮች እያቆጠቆጡ የልጅቷን ህዋሶች ውጠዋቸዋል። እንዲህ የሆነ አይታከምም፣ ይጣላል። በረኪና አፈሰስኩበትና ደፋሁት። ሌላ ሰው አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ «የታካሚዋ ህዋሶች ደካማ በመሆናቸው አልያዙም» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፈረምኩበት።

በሐሳቤ ሐኪሙ ሌላ ቴምብር ይቆርጣል፣ እኔም በጥንቃቄ አሳድጋለሁ፣ ነገሩም ተድበስብሶ ይቀራል። እሱ ግን ወረቀቱን አነበበና አመነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያመነኝ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ? «የማይዝ ከሆነ እንደገና መቁረጥ ልጅቷን ማሰቃየት ነው» ብሎ ሁለተኛውን ሙከራ ተወው። በፋሻና በመድኃኒት እስከሄደች ትሂድ ተባለ። እስከሄደች! ይህን በጆሮዬ ሰምቼ ዝም አልኩ። በኮሪደሩ ማለፍ ትቼ በጓሮ ደረጃ መመላለስ ጀመርኩ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ደፈረሰ። ራሴን በመስታወት ማየት አስጠላኝ፣ ልጄ «እማዬ ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ጮህኩባት።

በአራተኛው ቀን እናትየው መስኮቱን አንኳኩ፤ ከፈትኩላቸው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው» አሉኝ። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ የሰረቁ ይመስል ግራ ቀኙን ያያሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የምን ጥፋት?»

«ደካማ ነው ያላችሁት። ከኔ ነው የወረሰችው። እኔም ትንሽ ከቆሰልኩ ወር ነው የሚፈጅብኝ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ለልጄ ‹ራስሽን አትውቀሺ፣ እኔን ውቀሺ› ብያታለሁ። እሷ ደግሞ ‹ይህን ያህል ደክመውልኝ አሳፈርኳቸው› ትላለች። ስትተኛም ስትነቃም ይህንኑ ነው።» ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን በመስኮቱ አስገቡልኝ። «ከኔ ውሰጂ። ደካማም ቢሆን ብዙ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረቀት ላይ ስዋሽ ወረቀቱን ብቻ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ሦስት ትውልድ ሰድቤያለሁ፣ በሕይወት የሌሉትን አያት ሳይቀር! «እማማ፣ ክንድዎን ይሰብስቡ» ብዬ ወጣሁና በቀጥታ ሐኪሙ ቢሮ ገባሁ።

እስክጨርስ ሰማኝ። አልጮኸም። «ስንት ቀን ሆነው?» አለኝ።

«አራት።»

«ከነገ ደግሞ ሦስት ሳምንት። ወሩን ያልፋል» አለና ስልኩን አንስቶ ለነገ ጠዋት የቀዶ ሕክምና ክፍል አስያዘ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «ዝምተኛዋ ታሳድጋለች። አንቺ ያንን በር እንዳታልፊ። ለእናትየው ደግሞ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለኝ።

አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ሊጡን፣ ወረቀቱን፣ አራቱን ቀን፣ ምንም አላስቀረሁም። ጥፊ ጠብቄ ነበር፣ ቢያንስ እርግማን። እሳቸው ግን ብድግ አሉ። «ለልጄ ከኔ ነው ብያታለሁ። ነይ፣ አንቺው ንገሪያት» አሉኝ። ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ።

ልጅቷ በሆዷ ነው የተኛችው። ፊቷን ለማየት ወለሉ ላይ ቁጢጥ ማለት ነበረብኝ።

«ውይ ሲስተር!» አለች ገና ስታየኝ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያን ሁሉ ድካምዎን ሜዳ ላይ አስቀረሁት።»

«ዝም በይ!» አልኳት። የተረገመ ቁጣዬ እዚያም አልተወኝም። «ዝም በይና ስሚኝ። ህዋሶችሽ ደካማ አይደሉም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዳንቺ ፈጥኖ የተባዛልኝ የለም። እርሾ ይዤባቸው ገብቼ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ፈራሁና ባንቺ አሳበብኩ።»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ የአልጋውን እግር አየሁ።

«እንግዲያው ቆዳዬ ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው።»

«ይይዝ ነበር?»

«ይይዝ ነበር። ይኼኔ ሦስት ቀን ቢቀርሽ ነው።»

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። ደነገጥኩ፤ ደስታ ነው ለካ! «እማዬ ሰማሽ? ካንቺም አይደለም፣ ከኔም አይደለም! እንደኔ ፈጥኖ የተባዛ የለም አሉ እኮ!» መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ጀርባዋን ያማታል፣ «ወይኔ፣ ወይኔ» ትላለች፤ ተመልሳ ትስቃለች። ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ይህንን ግን መቻል አቃተኝ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚቆርጡኝ?»

«ነገ ጠዋት።»

«የሚያሳድጉት እርስዎ ነዎት?»

«አይ። ሌላ ሰው ነው።»

«ኧረ እርስዎ ይሁኑልኝ፣ ሲስተር! አሁንማ እርስዎ በፍጹም አይሳሳቱም።»

ወለሉ ላይ ቁጢጥ እንዳልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናትየው በላዬ ተንጠራርተው የልጃቸውን አንሶላ አስተካከሉ።

«የለም ልጄ» አሏት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እሷ አትነካሽም።»

ልጅቷ «እማዬ!» አለች፤ እሳቸው ግን ሄደው በሩን ከፈቱልኝ። ልክ ነበሩ፤ ተነስቼ ወጣሁ።